ያረጀ ጌም፣ ያረጀ ባል፣ ልዋጭ!

ሌሊቱን ያየሁትን ሕልም ለጠላቴም አልመኘው። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፤ ብቻዬን ይዤው መዋል አልቻልኩም።

ጥፋቱ የራት ነው። ምግቡን ማለቴ አይደለም፤ ሽሮ ነበር፣ ሽሮ ደግሞ ማንንም አያቃዥም። ጥፋቱ ራት ላይ የተነሳው ክርክር ነው። የሚስቴ ታናሽ ወንድም ደምሰው ሊጠይቀን መጥቶ እየበላ ሳለ፣ "ጋሼ፣ ሰማህ? ያ ካሴት የሚጎርሰው የድሮ ቲቪ ጌም በትንሹ ተሠርቶ እንደገና ሊወጣ ነው አሉ። መዳፍ ላይ ቁጭ የሚል፣ ጨዋታዎቹ እውስጡ የተሞሉ" አለኝ።

ያ ጌም ነፍሴ ነው። በወጣትነቴ በእናቴ ሳሎን ውስጥ ጌም ቤት ከፍቼ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በሳንቲም ያጫወትኩበት እሱ ነው። ዛሬ አይሠራም፤ ግን ከቴሌቪዥኑ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ዳንቴል ለብሶ በክብር ተቀምጧል። "ይገባዋል! እንዲያውም ሲያንሰው ነው!" ብዬ ጠረጴዛውን ደበደብኩት። ሚስቴ ትርንጎ ሳህኑን እያነሳሳች፣ "ትልቁ ያልረባንን ትንሹ ምን ሊረባን? ይልቅ ነገ ጠዋት ልዋጭ ሲመጣ አውጥቼ በጆግ እለውጠዋለሁ። ከተቀበለኝ አንተንም እጨምርለታለሁ" አለች። ደምሰው ትን እስኪለው ሳቀ። እኔ ለማንም ደኅና እደሩ ሳልል አኩርፌ ተኛሁ። በኩርፊያ የተኛ ሰው ምን ደኅና ነገር ያያል?

ወዲያው ራሴን መደርደሪያው ላይ አገኘሁት። ዳንቴሉን ለብሻለሁ። ጌሙ ደግሞ ሶፋዬ ላይ ተንፈላስሶ፣ ነጠላ ጫማዬን አድርጎ፣ በእኔ ብርጭቆ ሻይ ይጠጣል።

"ጋሼ፣ ምነው ቦታ ተለዋወጥን?" አልኩት። ጋሼ ያልኩት ፈርቼው ነው።

"ዝም በል፣ አቧራህ ይረግፍብኛል" አለኝ።

ከዚያ ብድግ ብሎ መጣና አፌን ፈልቅቆ ሁለት ጊዜ እፍ እፍ አለብኝ። ካሴት አልነሳ ሲለን እንደምናደርገው ማለት ነው።

"እስቲ አሁን ተናገር።"

"ምን ልናገር?"

"አሁንም አልነሳም" አለና ጎኔን በጥፊ አጮለኝ። ለካ ያማል! ያን ሁሉ ዘመን ስመታው አንድ ቀን እንኳ ያመዋል ብዬ አላሰብኩም።

ይህን ጊዜ ከደጅ ጩኸት ተሰማ። "ልዋጭ! ያረጀ ባል፣ የተሰበረ አጎት፣ የማይሠራ አማች ያለው! ልዋጭ!"

ትርንጎ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። እኔ ስጠራት እንዲህ ሮጣ አታውቅም። ከመደርደሪያው አወረደችኝ፣ ገመዴን ጠቀለለችው፣ ገመድ እንዳለኝም ያወቅኩት ያኔ ነው፣ ከዚያ በብብቷ ይዛኝ ወጣች።

ደጅ ላይ ማዳበሪያ የተሸከመ አሮጌ ቴፕ ቆሟል። ማዳበሪያው ውስጥ ሰዎች ይንጫጫሉ። ጎረቤታችን ጋሽ ሽብሩ፣ ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር፣ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

"እንዴት አደርክ ምትኩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ጋሽ ሽብሩ?"

"ደኅና ነኝ። በሁለት ጆግ ነው የሄድኩት" አሉኝ፣ ኮራ ብለው። ሰው አንዴ ዋጋው ከታወቀለት ማዳበሪያ ውስጥም ሆኖ ይኮራል።

ቴፑ አገላብጦ አየኝ። ጥርሴን አየ፣ ሆዴን በጣቱ ጫን ጫን አደረገ፣ ከንፈሩን መጠጠ። "እናት፣ የዚህ ሞዴል ትልቁ ገበያ የለውም። ትንሹ ይውጣ አይውጣ በሚለው ላይ ግን ኮሚቴ ተቀምጧል። ይውጣ ካሉ ይሄን ትሰጪና ትንሹን ትወስጃለሽ። አይውጣ ካሉ፣ እሱ ለቁራሌ፣ ላንቺ አንድ ሳፋ ነው።"

"ትልቁን ሳፋ?" አለች ትርንጎ።

"ከነክዳኑ።"

ትርንጎ ፊቷ ፈካ። ሃያ ዓመት አብሬያት ኖሬ በሳፋ! ከነክዳኑ መሆኑ ብቻ ትንሽ አጽናናኝ።

ወደ ኮሚቴው በታክሲ ሄድን። ፌርማታው ላይ ታክሲዎች ረጅም ሰልፍ ይዘው ሰው እስኪመጣላቸው ይጠብቃሉ። "በእናታችሁ ተሳፈሩብን፣ ከንጋት ጀምሮ ቆመናል" ይላሉ። አንዲት ተሳፋሪ ዘንቢሏን ይዛ፣ "አንድ ታክሲ ብቻ! አንድ ታክሲ የቀረኝ! ሌሎቻችሁ አትጋፉ!" እያለች ትመርጣለች። ኳስ ሜዳው ላይ ኳሶች ተሰብስበው አንድ አጥቂ ይጠልዛሉ። አጥቂው መረብ ላይ ባረፈ ቁጥር፣ "ጎል!" ብሎ የሚጮኸው ራሱ ነው። ትርንጎ ዞር ብላም አላየችውም። ሐሳቧ ሳፋው ላይ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ወንበሮች ሰዎች ላይ ተቀምጠዋል። ትርንጎ ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ አኖረችኝ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ጨርቅ ተወጥሯል፤ "ያረጀው ምትኩ በትንሹ ተሠርቶ በድጋሚ ሊወጣ ይገባዋልን? የግማሽ ቀን የምክክር መድረክ" ይላል። ግማሽ ቀን! አጠገቤ ተራ የምትጠብቅ አሮጌ አማት ነበረች፤ ለእሷ ሦስት ቀን ተመድቦላታል፣ ያውም ከምሳ ጋር።

ሰብሳቢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የራሴ ጌም፣ ክራባት አስሮ። በቀኙ ሆደ ሰፊው የድሮ ቴሌቪዥን፣ በግራው ባለ ክብ መደወያው ስልክ ተሰይመዋል። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራርጎ ለባለድርሻ አካላት በሙሉ ምስጋና አቀረበ። ምስጋናው ሲያልቅ ግማሽ ቀኑ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

"እንደ ስልክ የማነሳው ሐሳብ አለኝ" አለ ስልኩ። "ስንቱን አሮጌ በትንሹ እያወጣን እንዘልቀዋለን? ሰው የሚገዛው ለትዝታ ነው። ሁለት ቀን ይጫወትበትና መደርደሪያ ላይ ይረሳዋል።"

"ትልቁም እኮ መደርደሪያ ላይ ነበር!" ብዬ ጮኽኩ።

"ውይይት የሚደረግበት ዕቃ አስተያየት አይሰጥም" አለ ሰብሳቢው።

ቴሌቪዥኑ ቀጠለ። "እኔ ምትኩን አውቀዋለሁ። በዘመኑ ጥሩ ነበር። ችግሩ ዘመኑን የሚያስታውስ አለመኖሩ ነው። ለመነሳት ረጅም ጊዜ ይፈጃል፣ ዘመድ ሲበዛ ይግላል፣ ካልመቱት ደግሞ አይሠራም። ያም ሆኖ ናሙናው ይታይ እላለሁ።"

ናሙናው በሰሃን ቀረበ። የጨው ዕቃ የሚያክል እኔ! መላጣዬ ሳይቀር በልኩ ተሠርቷል። የሰርጌን ሱፍ ለብሷል፣ ፈገግ ብሏል፣ ሆድ የለውም። ገና ሳየው ጠላሁት።

"ውስጡ የተሞሉት ጨዋታዎች እነዚህ ናቸው" አለ ቴሌቪዥኑ። "ዜና እያየ ከእኔ ጋር መጨቃጨቅ። ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይዞ ቤቱን ሙሉ ቁልፍ ማስፈለግ። እንግዳ ሲመጣ 'ብሉ እንጂ፣ ምነው?' እያለ ሥጋዋን ወደ ራሱ በኩል መሳብ። ሐኪም ቤት ሂድ ሲባል ተሻለኝ ማለት።" እንዲህ እያለ ወረደው። አንድ እንኳ ሰው ፊት የሚያስቆም የለበትም።

"ጎሌስ?" አልኩ። "ለሰፈራችን ቡድን በቴስታ ያገባኋትስ?"

"እሷን ለማስገባት ፈቃድ ጠይቀን ነበር። በረኛው ኦፍሳይድ ነው ብሎ ከለከለን።"

"ዛሬም?"

"ዛሬም።"

ወይ ምቀኛ! ጸጉሩ ሸብቶ፣ ልጅ ድሮ፣ አሁንም ኦፍሳይድ!

ትርንጎ ናሙናውን አነሳችና ገበያ እንደወጣ ሰው አገላበጠችው። "የዚህ እጁ አጠረ። ኪሱ አይደርስም።"

"ትንሽ ሆኖ የሚወጣ ነገር ሁሉ ችግሩ ይኸው ነው፣ ገመዱ ያጥራል" አለ ሰብሳቢው፣ እያፈረ።

"ግድ የለም፣ የትልቁም ደርሶ አያውቅም።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከወንበሮቹ ሥር ያሉት ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁ፤ እነሱ እንኳ! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንድ ትንሽ መልካም ቃል ስጠብቅ፣ ሚስቴ ሕዝብ ፊት ኪሴን አነሳችው።

"በሉ ወደ ውሳኔ እንግባ" አለ ሰብሳቢው። "እህታችን፣ ትንሹን ትወስጃለሽ ወይስ ሳፋውን? ከዚያ በፊት ይጨመር የምትይው ጨዋታ ካለ ተናገሪ።"

ትርንጎ ናሙናውን ቀስ ብላ ሰሃኑ ላይ መለሰችው። ትርንጎ ስትቸኩል ሳይሆን ቀስ ስትል ነው የምፈራት።

"መብራት የጠፋ ዕለቱ አለበት?" አለች።

"የትኛው?"

"ወንድሜን ደምሰውን ከጌም ቤቱ በጆሮው ጎትቼ ላወጣ የሄድኩ ዕለት። አላውቀውም ያኔ፣ የማን ጋጠ ወጥ ነው ልጅ የሚያበላሽብን ብዬ ልሰድበው ነበር የሄድኩት። በሩን ከፍቼ ስገባ መብራቱ ድርግም አለ። ልጆቹ ሳንቲማችንን መልስ ብለው አበዱ። ለዚህ ሰውዬ ደግሞ ሳንቲም መመለስ ሞቱ ነው። 'ማን አለቀ አለ? ጨዋታው ይቀጥላል!' ብሎ በጨለማ በአፉ ያጫውታቸው ጀመር። ሙዚቃውን በአፉ፣ ተኩሱን በአፉ። 'ቀኝ በል፣ ገደል አለ! ዝለል! ኧረ ዝለል ሞትክ!' ይላል። ልጆቹም በባዶ እጃቸው የሌለ ቁልፍ ይጫናሉ። እኔም ስድቤን ረስቼ ቁጭ አልኩ። 'አንቺ በሩ ላይ ያለሽው፣ ተራሽ ደርሷል፣ ዝለይ' ሲለኝ ዘለልኩ። መብራቱ ሲመጣ ሁላችንም ተናደድን።"

እንባዬ መጣ። እኔ መብራቱ ሲመጣ የተናደደች አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን እንኳ ነግራኝ አታውቅም።

ሰብሳቢው ወረቀቱን አገላበጠ። "የለበትም። ሊገባበትም አይችልም። ትንሹ ያለ መብራት አይሠራም።"

"እንግዲያው ትልቁን መልሱልኝ።"

"እህታችን፣ ሳፋው እኮ ከነክዳኑ..."

"ሳፋችሁ እዚያው ይቅርላችሁ! ባሌን መልሱልኝ አልኩ!"

ሰብሳቢው ክራባቱን አላላ። ጌሜ እንዲህ ሆድ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ ድምፁ ተቆራረጠ። "እኔም ያን ዕለት ነበርኩ" አለ። "ጠፍቼ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማው ነበር። ከእኔ በልጦ የተጫወተው ያን ዕለት ብቻ ነው።" ትርንጎ ከጠረጴዛው ላይ አነሳችኝ፣ ዳንቴሉን አስተካከለችልኝ፣ ጎኔን ቀስ ብላ መታ መታ አደረገችኝ። እኔም ተነሳሁ! ልናገር አፌን ስከፍት፣ የምላትን ሁሉ አዘጋጅቼ፣ ከሩቅ "ልዋጭ! ልዋጭ!" የሚል ድምፅ መጣ፤ ነቃሁ።

ነግቷል። መብራት የለም። "ልዋጭ!" የሚለው ድምፅ ግን እውነተኛ ነው፣ ከደጃችን ይመጣል። በካናቴራ ዘልዬ ሳሎን ገባሁ። መደርደሪያው ባዶ ነው። ዳንቴሉ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ትርንጎ አረንጓዴ የላስቲክ ጆግ ይዛ ከውጭ ገባች።

"ትርንጎዬ!" ብዬ ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ።

"ደኅና አደርክ? ምን ሆነሃል አንተ?"

"ጌሙስ?"

"ደጅ ላይ አለልህ። በነፃ ውሰደው ብዬ ብለምነው፣ ለምን ይሁነኝ፣ ሸክም ነው አለኝ።"

"ታዲያ ጆጉ በምን መጣ?"

"በሰርግህ ኮት።"

"ሱሪውስ?"

"ሱሪው ለክዳኑ ሆነ።" ክዳኑን ከፍታ ዘግታ አሳየችኝ። ልክክ ይላል።

መናደድ ፈልጌ ነበር፤ ግን ሕልሙ ገና ከላዬ አልለቀቀም። ባሌን መልሱልኝ ያለችው ድምጿ ጆሮዬ ላይ አለ። ስለዚህ ሳቅ ብዬ፣ ቀልድ አስመስዬ ጠየቅኳት።

"ስለ እኔስ አልጠየቅሽውም?"

"ጠየቅኩት እንጂ! እሳቸውን የምወስደው ጭማሪ ከከፈልሽ ነው አለኝ።"

"እና?"

ትርንጎ ጆጉን መደርደሪያው ላይ፣ ጌሙ በነበረበት ቦታ አስቀመጠችና ዳንቴሉን አለበሰችው።

"እናማ፣ ብር ላመጣ ስገባ ነቃህብኝ።"