የጭልሞ አቋራጭ

[ጊንጪ አጠገብ፣ ጭልሞ ደን ውስጥ። ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፤ ዛፎቹ ግን ገና ያንጠባጥባሉ። የአምቦው ጂኦግራፊ አስተማሪ አመዩ ዛሬ ደራርቱን ከአባቷ የሚጠይቁለት ሽማግሌዎች ልኳል። ሁለቱ በመኪና መንገድ ሄደው አባቷ ደጅ ቆመዋል። ዋናውን ሽማግሌ ኦቦ ሙለታን ግን እሱ ራሱ «በአቋራጭ አደርስዎታለሁ» ብሎ ይዟቸው ገብቷል፤ የማያውቀው ነገር ተፈጥሮ አያውቅማ።]

ሙለታ፦ ይህችን ዝግባ ቅድም አላየናትም?

አመዩ፦ እህቷ ናት። ዝግባ ይመሳሰላል።

ሙለታ፦ እህቷም ላይ ያንተ ባርኔጣ ተሰቅሎ ነበር?

አመዩ፦ [ባርኔጣውን እያወረደ] ለምልክት የተውኩት ነው።

ሙለታ፦ አሁንስ በየት በኩል ነው?

አመዩ፦ የዛፍ ሽበት የሚበቅለው በሰሜን በኩል ነው። ቤታቸው ሰሜን ነው። ሽበቱን መከተል ነው።

ሙለታ፦ [ግንዱን ዞረው] ይሄ ዙሪያውን ሸብቷል።

አመዩ፦ አርጅቶ ነው። ሌላውን ይዩ።

ሙለታ፦ ሌላውም ዙሪያውን ነው።

አመዩ፦ እዚህ አገር ሰሜን ሰፊ ነው።

[ከወደ ግራ ጩኸት ይሰማል።]

ሙለታ፦ ውሻ ነው እንዴ?

አመዩ፦ ጉሬዛ ነው።

ሙለታ፦ ጉሬዛ ይጮሃል እንዲህ?

አመዩ፦ የደጋው ይጮሃል። ተማሪ ሆኜ ለዘመቻ በወጣሁ ጊዜ ስንት ጫካ አቋርጫለሁ።

ሙለታ፦ ጠፍተን ይሆን?

አመዩ፦ እኔ እያለሁ? መንገዱ ነው የጠፋው። ደከመዎት መሰል፣ ግንዱ ላይ አረፍ ይበሉ።

ሙለታ፦ ሽማግሌ የሚፈልገውን ቃል ሳይሰማ አይቀመጥም።

አመዩ፦ እሱ እኮ አባቷ ቤት ሲደርሱ ነው።

ሙለታ፦ እኔ ከቤቴ ስወጣ ጀምሬዋለሁ።

[ይሄዳሉ። ያችው ዝግባ ትመጣለች። አመዩ ጭቃው ላይ ዘጭ ይላል።]

አመዩ፦ ኦቦ ሙለታ፣ ልጅቷ ልታመልጠኝ ነው። መንገዱን አላውቅም።

[ሙለታ ወዲያው ግንዱ ላይ ቁጭ ይላሉ።]

አመዩ፦ አሁን ይቀመጣሉ?

ሙለታ፦ ቃሉን ሰማኋ። ትናንት ደራርቱ ገበያ አግኝታኝ፣ «አባቴን ከመጠየቅዎ በፊት አንዴ ‹አላውቅም› ሲል ይስሙልኝ፤ ካላለ ይዘውት ይመለሱ» ብላኛለች። ስጠይቅህ የዋልኩት ለዚህ ነው።

አመዩ፦ [ቀስ ብሎ] ታዲያ እርስዎ ቤቱን ያውቁታል?

ሙለታ፦ ኤዬ፣ አውቀዋለሁ። ጉሬዛቸው በር ላይ ታስሯል፤ ይኸው ከመጣን ጀምሮ ይጠራናል።