የምርመራው ብስኩት

(የሆስፒታል መጠበቂያ ክፍል። ወፍራሙ የአውቶቡስ ሹፌር ጭኑ ላይ ብስኩት የተደረደረበት ሳህን ይዟል። አጠገቡ የሚስቱ ወንድም፣ ልብስ ሰፊው፣ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል።)

ልብስ ሰፊ፦ ኧረ እንዳትነካው! ብስኩት እንዲህ ነው እንዴ የሚያዘው?

ሹፌር፦ ምነው አማቼ! ነርሷ እኮ "ይብሉትና ይጠብቁኝ" ብላ ሄደች። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።

ልብስ ሰፊ፦ አንተ መች ትበላለህ? ትውጣለህ እንጂ! ስማ፣ ችግሩ ነርቭህ ነው።

ሹፌር፦ ነርቬ የሚነሳውማ እህትህ ስትጮህ ብቻ ነው።

ልብስ ሰፊ፦ ያኛው አይደለም! ከአንጎል ወደ ጨጓራ የሚወርድ ነርቭ አለ። በቃ በሙያህ ላስረዳህ። ጨጓራህ አውቶቡስ ነው፤ ነርቩ ረዳትህ ነው።

ሹፌር፦ ረዳቴንማ አባረርኩት።

ልብስ ሰፊ፦ (ግንባሩን እየመታ) የሆድህን ረዳት ነው የምልህ! ጤነኛ ረዳት "ሞልቷል፣ ዝጋ!" ብሎ ለአንጎል ይጮሃል። አንዳንድ ሰው ሲወፍር ግን ረዳቱ ይደነዝዛል። በፊት በር ትጭናለህ፣ በኋላ በር ቶሎ ይራገፋል፤ ወዲያው ደግሞ ይርብሃል።

ሹፌር፦ ሳይከፍሉ ይወርዳሉ በለኛ!

ልብስ ሰፊ፦ ወይ ያንተ ነገር! ዛሬ የሚለካውም እሱ ነው፤ ብስኩቱ ከጨጓራህ ቶሎ ይወጣል ወይስ ይቆያል ነው። ስለዚህ አበላል ተማር። እየኝ። (አንድ ብስኩት አንስቶ በዝግታ ያኝካል።)

ሹፌር፦ ጢምህ ጋረደብኝ፣ አላየሁም።

ልብስ ሰፊ፦ (ሁለት ይደግማል) ይኸው!

ሹፌር፦ አኘካኩስ ገባኝ፤ አዋዋጡ ነው የጠፋኝ። ድንጋይ ራስ ነኝ፣ አትፍረድብኝ።

ልብስ ሰፊ፦ (አፉ ሞልቶ) ድንጋይስ በስንት ጣዕሙ!

(ሳህኑ ባዶ ይሆናል። ነርሷ ትገባለች።)

ነርስ፦ ጨረሱ?

ሹፌር፦ እሱ ጨረሰልኝ፣ ሲስተር።

ነርስ፦ (ልብስ ሰፊውን እያየች) ምን ጉድ ነው! መለኪያው መድኃኒት እኮ ብስኩቱ ውስጥ ነው። የሚባክን የለንም። በሉ ይቀመጡ፤ እስከ ማታ ምግብም ውሃም የለም፤ መድኃኒቱ የሚለካው በትንፋሽ ስለሆነ፣ በየጊዜው ስመጣ ቱቦ ውስጥ ይተነፍሱልኛል።

ልብስ ሰፊ፦ እኔ እኮ አስታማሚ ነኝ!

ነርስ፦ (ሳቋን እየዋጠች) መድኃኒቱ ያለው በማን ሆድ ነው?

ሹፌር፦ እኔስ ሲስተር?

ነርስ፦ እርስዎ ሌላ ቀን ይምጡ። አሁን ሄደው ምሳዎን ይብሉ።

ልብስ ሰፊ፦ አማቼ! ብቻዬን ጥለኸኝ?

ሹፌር፦ (ኮቱን እያነሳ) ኧረ እመለሳለሁ! ብቻ እንዳስተማርከኝ ቀስ እያልኩ ስለማኝክ፣ ሳይመሽ አትጠብቀኝ።