ጥቁር ኮት የለበሰው ሰውዬና አባቴ

ብቻውን የሚጫወት ሰው ታምናላችሁ? እኔ አላምንም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ ብቻውን የሚጫወትማ ከመሞቱ በፊት ያብዳል። ስለዚህ ደብረ ታቦር ጌም ቤት ውስጥ፣ ለአንድ ሰው ተብሎ የተሠራውን ጨዋታ ለስምንት ነበር የምንጫወተው። ጆይስቲኩን እኔ እይዛለሁ፣ ሰባቱ ይመክሩኛል። አንዱ ግባ ይላል፣ አንዱ ውጣ ይላል። አንዱ ደግሞ ስሞት «ነግሬህ ነበር» ለማለት ብቻ ይመጣል። ይኼኛው አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።

ለማታውቁት ላስረዳ። ባለታሪኩ ጥቁር ኮት የለበሰ ፖሊስ ነው። ወሮበሎች ሚስቱንና ልጁን ገድለውበታል፤ እሱም ሁለት ሽጉጥ ይዞ ገዳዮቹን ሲያሳድድ ይኖራል። የምትነዱት ከጀርባው ሆናችሁ ስለሆነ ፊቱን እምብዛም አታዩትም። ምንም አልቀረባችሁም፤ ጥርሱን የሚያመው ሰው ፊት ነው። አገሩ ሁልጊዜ ጨለማ፣ ሁልጊዜ በረዶ። የጉና ተራራን ቁር ለምናውቅ ሰዎች ይኼ መዝናኛ ነው ተብሎ ሲመጣልን ምን እንበል? ሲቆስል የሕመም ማስታገሻ እንክብል እንደ ቆሎ ይቅማል፤ ወዲያው ይድናል።

ከሁሉ የሚደንቀው ጊዜ ማዘግየቱ ነው ይላሉ። አንዲት ቁልፍ ስትጫኑ ጥይቱ እንደ ቀንድ አውጣ ይሳባል፣ እሱ አየር ላይ ተንጋሎ ይተኩሳል። ምኑ ይደንቃል? ሐሙሲት የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣችሁ፣ ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን» ሲል ጊዜ እንዴት እንደሚሄድ አታውቁም?

ሰውዬው ወሬም ይወዳል። ለብቻው፣ በእንግሊዝኛ። እኔ ትምህርት ያቋረጥሁት ከስምንተኛ ክፍል ስለሆነ አስተርጓሚ ሆኜ ተሾምሁ፤ ሌሎቹ ከስድስተኛ ነው ያቋረጡት። አምስት ደቂቃ ሙሉ ሲያንጎራጉር ቆይቶ ዝም ሲል፣ «ምን አለ?» ይሉኛል። «ከፋኝ አለ» እላለሁ። እስካሁን ተሳስተሃል ያለኝ የለም።

የእኔ ችግር አባቴ ናቸው። አባቴ ደም አድራቂ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ተገድሎ ሁለት ወገን ሲፈላለግ መሐል ገብተው ያስታርቃሉ፤ ይፋግ ድረስ ይጠራሉ። ሁሉ ይሰማቸዋል፣ ከእኔ በቀር። «እዚያ ቤት ባገኝህ አንበሳሜ፣ አጎትህ ወፍጮ ቤት ነው የምትሄድ» ብለውኛል። ወፍጮ ቤት ማለት ቅንድብህ ዱቄት ለብሶ፣ ጆሮህ ሲጮህ መዋል ነው። ከደብረ ታቦር ከምነቀል ጥርሴ ቢነቀል ይሻለኛል።

አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አባቴ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ሰባቱ አማካሪዎቼ ብድግ አሉ። እኔ እንዴት ልነሣ? ሰውዬውን ጥዬው ብነሣ ይሞትብኛል።

አባቴ ቴሌቪዥኑን አዩ። ይኼ ሰው ምን ሆኖ ነው አሉኝ። ሚስትና ልጅ ተገድለውበት ነው አልኋቸው። ይኼን ጊዜ ለቅሶ እንደ ደረሰ ሰው ጋቢያቸውን ሰብስበው ቁጭ አሉ።

«ለቅሶ ተቀመጠ?»

«አልተቀመጠም።»

«ዘመድስ የለውም?»

«የለውም።»

«የነፍስ አባትስ?»

የጌም ቤቱ ባለቤት ጋሻው ገበያው እንዳይበተንበት ፈርቶ፣ «እስካሁን አልመጡም አባባ» አለ።

ወዲያው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ፀጉሩ ጥጥ የመሰለ ሰውዬ በበር ብቅ አለ። አባቴ ፊታቸው በራ። «ይኸው ሽማግሌ ተላከ። በል መሣሪያህን ዝቅ አድርግ» አሉኝ።

«አባዬ፣ ይኼኮ...»

«ዝቅ አድርግ ብያለሁ። ሽማግሌ ላይ ይደገናል?»

ምን ላድርግ? የአባት ቃል ነው። ጣቴን ከቁልፉ ላይ አነሣሁ። ሽማግሌው ከኮቱ ሥር ጠመንጃ መዞ ደረቴን በሳው።

ያ «ነግሬህ ነበር» ባዩ እንኳ አፉን ያዘ። አባቴ በሽምግልና ዘመናቸው እንዲህ ያለ ነገር አልገጠማቸውም።

«በዚህ ሽበቱ?» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለውም፣ «ድገመው።»

ደገምሁት። ሽበታሙ ብቅ ከማለቱ፣ እግሩን ሳያስገባ ዘረርሁት። ሰባቱ አጨበጨቡ። የአባቴን ክብር አስመለስሁ ብዬ ኮራ ብዬ ዞር አልሁ። አባቴ ተነሥተው ቆመዋል።

«ሽማግሌ ላይ እጅህ እንዲህ ፈጣን ነው?» አሉ። «ነገ በጧት አንበሳሜ ትሄዳለህ።»

ብታዘዝ ሞትሁ፤ ባልታዘዝ ተጋዝሁ።

ይኸውና አሁን ዱቄት ለብሼ እውላለሁ። ባለፈው የገበያ ቀን ከአማካሪዎቼ አንዱ እህል ሊገዛ መጥቶ፣ አባቴ ጌም ቤት ወንበር እንደተለየላቸው ነገረኝ። ሰውዬውን ካላስታረቅሁ አልተውም ብለው ጆይስቲክ ጨብጠዋል አለ። አላመንሁም። አባቴ አጎቴን ሊጠይቁ ሲመጡ ወፍጮውን አስቁሜ ጠየቅኋቸው።

«እውነት ነው፣ ሞከርሁ» አሉ። «ያን ሽበታም ቆሜ ጠበቅሁት፣ ገደለኝ። በሌላ ቀንም ጠበቅሁት፣ ገደለኝ። በሦስተኛው ቀን በስመ አብ ብዬ ገባሁ።»

«ከዚያስ?»

አጎቴ እንዳይሰማ ዞር ዞር ብለው አዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ከዚያማ ቀደምሁት።»

ይኼን ጊዜ ልቤ ሞቀ። «እንግዲያ እኔም ልመለሳ?» አልኋቸው።

አባቴ ጋቢያቸው ላይ ያረፈውን ዱቄት አራግፈው፣ «አንተማ ቆይ» አሉ፤ «ገና ደምህ አልበረደም።»