ጥቅልል ክር ወይስ ካሴት

ይህን የምጽፈው ከራሴ ትዝታና ከአንድ የአዳማ ባለሱቅ ቃል ነው፤ ሁለቱም አርጅተዋል። አንባቢ ሆይ፣ መምረጥ የሚፈራ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? በደርግ ዘመን ዘለቀ የሚባል መምህር ባልደረባዬ የታመሙ እናቱን ድምፅ ቀርጾ ለማስቀረት አሰበ። አሮጌው መቅረጸ ድምፁ ድምፅ የሚቀርጽበት ጥቅልል ክር ከገበያ እየጠፋ ነበር፤ አዲሱ ካሴት ደግሞ መሣሪያውን ካልለወጠ አይገባለትም።

«ክሩን ገዝቼ ነገ ቢቀርስ? ካሴቱን ገዝቼ የተሻለ ቢመጣስ?» እያለ በዚያ ባለሱቅ ደጅ ሳምንታት ተንከራተተ። አብዮቱ እንኳ ይህን ያህል አልተመከረበትም፤ ያኔ ግን ይህን ጮክ ብዬ አላልሁም።

ለሕክምና ከሁሩታ የመጡት እናቱ ሳላቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ልጄ፣ እኔ ከሁለቱም አሮጌ ነኝ፤ ቶሎ በል» አሉት።

«እማዬ፣ ትንሽ ታገሺኝ፤ ላጣራ።»

ሳያጣራ አረፉ። በለቅሶው ቤት የሱቅ መጠቅለያው ያልተቀደደ አንድ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አየሁ። ክር ይሁን ካሴት፣ እስከ ዛሬ አላረጋገጥሁም።