የፍራሽ ቤቱ ጉርምርምታ

በየሰፈሩ "ይቺን ብቻ ስማ" የሚል አንድ ሰው አለ። ከሌለ ሰፈሩ ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። ለእኛ ለሸጎሌዎች የደረሰን ክቡር ሸፊ ነው፤ ፍራሽ ነጋዴ፣ ሊቀ ጩኸት፣ ዴዝ ሜታል የሚሉት የፈረንጅ የጩኸት ሙዚቃ ባለሟል።

ሸፊ ስፖንጅ ፍራሽ ሊገዛ የገባን ሰው ያቺን አልበሙን ሳያሰማ አይሸኝም። "ቁጭ በላ፣ ይቺን ብቻ ስማ።" "ይቺ" የሚላት አሥራ አንድ ደቂቃ ናት። መጀመሪያ ጊታሩ እንደ ሐምሌ ዝናብ ይወርዳል። ቀጥሎ ዘፋኙ ሰውየ ከጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እንደሚጣራ ያጓራል። ከዚያ ሁሉም ቀጥ ይልና አንድ ቀጭን ዜማ ብቻውን ይወጣል። ሸፊ እዚህ ላይ እጅጌውን ሰብስቦ የቆመ ጸጉሩን ያሳያል። "አየህ? ጩኸቱ ባይቀድም ይቺ ዜማ ምን ዋጋ አላት?" ፍራሽ ሊገዙ የገቡ እጮኛሞች አልበሙ ሳያልቅ ሲጣሉ አይቻለሁ።

"ቀንሰው" ብዬው አውቃለሁ።

"ነጎድጓድ ይቀነሳል?" አለኝ።

ጥፋተኞቹ ፍራሾቹ ናቸው። እስከ ጣሪያ የተደረደረው ስፖንጅ ቀጭኑን ዜማ ይውጠዋል፤ ግድግዳውን አልፎ የሚሄደው ጉርምርምታው ብቻ ነው። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ የሚኖሩት የቤቱ ባለቤት እትዬ ቦሰና ናቸው። ጭጋግ ከእንጦጦ ወርዶ ቀኑን ሲያጨልመው፣ ያ ድምፅ ከጭቃው ግድግዳ ውስጥ ያቃስታል፤ ሳህኖቻቸው መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ከቁስቋም ጸበል አምጥተው ረጩት። ግድግዳው አልተሻለውም።

ሰፈሩም እንደ ልማዱ ፈረደ፤ "ሸፊ ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር አለ።" ይሄ ያናድደኛል። እኔም የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ግን ገብቶ፣ ሰምቶ መጥላት ዲግሪ አይጠይቅም። እዚህ አገር ግድግዳ አዳምጦ ሰው ላይ የማይፈርድ የለም።

ባለፈው ማክሰኞ እትዬ ቦሰና ገቡ። እኔ እንደ ወትሮው ፍራሽ ላይ ታግቼ ነበር።

"ሸፊ፣ በወሩ መጨረሻ ልቀቅልኝ። አሥራ አንድ ዓመት ችዬሃለሁ፤ ይሄን ግን አልችልም።"

ሸፊ አመዱ ቡን አለ። ሱቁ እንጀራው ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይለምናል። እሱ ምን አለ?

"እትዬ፣ ቁጭ ይበሉና ይቺን ብቻ ይስሙ።"

ልገድለው ነበር።

ተቀመጡ። ሰውየው አጓራ። እትዬ ቦሰና በደህናው ዘመናቸው ሙሾ አውራጅ ነበሩ፤ ከቁስቋም እስከ ዊንጌት ያላስለቀሱት ድንኳን የለም። ቀጭኑ ዜማ ሲመጣ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። በግድግዳው በኩል ይቺን ሰምተዋት አያውቁም።

"ይሄ ሰው ማን ሞቶበት ነው?"

"ልጁ ናት እትዬ። አልበሙ በሙሉ ስለሷ ነው።"

"ታዲያ ተቀባይ የለውም? ብቻውን ነው እንዴ የሚያስለቅሱት?"



ጉርምርምታው ሲመለስ እትዬ ቦሰና ደረታቸውን ይዘው፣ ከአንጀታቸው ሥር አንድ "ወዮ" አወጡ። ልክ ቦታው ላይ ገባ። ፍራሾቹ መሃል ብርድ አለፈ። የማላውቃት የፈረንጁ ልጅ አጠገባችን የቆመች መሰለኝ። ዞሬ አላየሁም።

"ስትከፍተው ግድግዳውን አንኳኳልኝ" አሉ ሲወጡ። "ለቅሶ ላይ ሰው ብቻውን አይተውም።" ስለ መልቀቅ ደግመው አላነሱም።

ሸፊ አሁንም አድራቂ ነው። ግን ዓርብ ለጁምዓ ስግደት ሲዘጋ መንገዱ ጭር ይልብኛል። በቀደም ደግሞ ጎረቤቶች "ፍራሽ ቤቱ ውስጥ የሚያጓሩት ሦስት ሆነዋል" ሲባባሉ ሰማሁ። አንዱ ፈረንጁ ነው። ሁለተኛዋ እትዬ ቦሰና ናቸው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ጸበል ያለው ይምጣ።