ጉርሻ እምቢ ያለች የርግብ ጫጩት

«ጠገብኩ» ሲሉት «ኧረ ገና ነው!» ብሎ የሚፈርድ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ የዚህ ችሎት ዋና ዳኛ ክብርት እትዬ ጋዲሴ ናቸው።

ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት ሜዳ አጠገብ ምግብ ቤት አላቸው። መተዳደሪያቸው መሸጥ ይሁን እንጂ ሙያቸው ማጉረስ ነው። «ብላ! ኛዱ! ኩላ!» ይላሉ፤ አልገባኝም እንዳትሉ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በስዋሂሊም። ሊበን የሚባለው የቦዳቦዳ (የሞተር ታክሲ) ነጂ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ የሄልሜቱን መስታወት ገልጦ ጎርሷል። ሊጣላቸው የመጣ ጎረቤት አፉ ሞልቶ፣ የመጣበትን ረስቶ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ የከባድ መኪና ሾፌሩ ጥርሴን ተነቅዬ በመጣሁ ቀን እንኳ አልማሩኝም። «በሌላው በኩል አኝከው፣ በሞቴ!»

ባለፈው የምግብ ቤቱ ቆርቆሮ ሲቀየር አንዲት የርግብ ጫጩት ከጎጆዋ ወደቀች። ላባዋ ገና በቅጡ አልወጣም። ወላጆቿም በርግገው እንደሄዱ ቀሩ። እትዬ ጋዲሴ አዘኑ፤ ደስታቸውን ግን መደበቅ አልቻሉም። አዲስ አፍ ተገኘ!

ጨው ያልነካው ምስር ቀቅለው፣ በጣታቸው ጫፍ ይዘው ቀረቡ። «አፍሽን ክፈቺ የኔ ልጅ፣ በሞቴ!» ጫጩቷ ጭራሽ ግጥም አድርጋ ዘጋች። በኦሮምኛ ለመኗት፣ በስዋሂሊ ተቆጧት። እምቢ። በማግስቱ አንገቷ መዝለፍለፍ ጀመረ።

«በእጄ ልትሞትብኝ ነው እኮ!» አሉና አለቀሱ። እሳቸው ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም።

በዚህ መሀል ነው ካልተነካው በረንዳ ጣራ ሥር ወዳለ ሌላ የርግብ ጎጆ ቀና ያልነው። እናትየዋ ስትመጣ፣ ልጇ እንደ ድንቢጥ አፏን በርግዳ ትጠብቃለች ብዬ ነበር። የለም! መንቁሯን እናቷ አፍ ውስጥ እስከ ዓይኗ ድረስ ከተተች። እናትየዋም መላ ሰውነቷ እየተንቀጠቀጠ ያለሰለሰችውን ከጉሮሮዋ አወጣችላት። ቆየት ብሎ አባትየው መጣ፤ እሱም እንደዚያው። ኋላ እንደሰማሁት፣ ልጆቻቸው እንደተፈለፈሉ ሰሞን ወተት የመሰለ ምግብ ከገዛ አንገታቸው ውስጥ ሠርተው ነው የሚያበሏቸው፤ አባትየውም ጭምር! ሁለታችንም እጃችንን በአፋችን ጫንን።

«ያ ዋቅ፣ አምላኬ!» አሉ እትዬ ጋዲሴ። «ለካ እናትየዋ አታጎርስም። ልጅየዋ ናት የምትወስደው!»

ገብተው ምስሩን በመዳፋቸው ጨበጡ፤ በጣቶቻቸው መሀል ትንሽ ክፍተት ተዉና ዝም አሉ። እትዬ ጋዲሴ ዝም አሉ! ጫጩቷ ክፍተቱን በመንቁሯ ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ ጭንቅላቷን ወትፋ፣ ክንፏን እያርገፈገፈች በላች።

ጫጩቷ ይኸው ዛሬ በረንዳው ላይ ትበራለች። ችግሩ፣ ትምህርቱ ለሰውም ተረፈ። እትዬ ጋዲሴ አሁን ሳህኑን አስቀምጠው፣ «ልክህን አንተ ታውቃለህ፣ ራስህ ውሰድ» ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ምግብ ቤቱ ጭር አለ። ሊበን ሞተሩን አጥፍቶ፣ እንደ ጨዋ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲበላ ሳየው አንጀቴን በላው።

ብዙ ታገስኩ። ትናንት ከናይሮቢ እንደገባሁ እጄን ታጠብኩና ሳህኑን ወደ እሳቸው ገፋሁት።

«እትዬ፣ እኔ ርግብ አይደለሁም» አልኩና አፌን ከፈትኩ።