ኪኒኑም አብሯቸው ጾመ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ እሱ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ ወደ ሌላው ኃጢአት እሻገራለሁ።

እናንተ ሠፈር እንዴት እንደሆነ እንጃ፤ እኛ ቀራንዮ ግን አንዷ ባዮሎጂ ታስተምራለች ከተባለ የመድኃኒት ወረቀት ሁሉ እሷ ቤት ይመጣል። ሐኪሙ ያዝዛል፣ ፋርማሲው ይሸጣል፣ ማብራሪያው ከእኔ ነው። ወረቀቱ ደግሞ ጉንዳን በሚያህል የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ፣ አንዴ ከተዘረጋ ወደ ካርቶኑ አልመለስም የሚል ነገር ነው። "አላውቅም" ብል ምን ነበረበት? ምንም። ግን የተማረ ሰው አላውቅም ከሚል ጥርሱን ቢነቅሉት ይመርጣል።

ጉዴ የጀመረው እውነት በመናገር ነው። የጎረቤቴ የእትዬ ብርነሽ እህት የካንሰር መድኃኒት ጀምረው ፀጉራቸው ሲረግፍ፣ እትዬ ብርነሽ ተጨንቀው መጡ። ያን ጊዜ አንብቤ፣ ሰው ጠይቄ ነው ያስረዳኋቸው። ካንሰር ያለ ልክ የሚባዛ ሴል ነው፤ የእህታቸው ዓይነት መድኃኒት ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዛውን እያሳደደ ይመታል። የፀጉር ሥርም ቶሎ ይባዛልና አብሮ ይመታል። "እንደ አፈሳ ነው" አልኳቸው፤ ሌባ ሊይዝ የወጣ ፖሊስ የሚሮጠውን ሁሉ እንደሚሰበስበው። እትዬ ብርነሽ በዚያ ጭንቀት መሀል ሳቁ። ፀጉሩም ቆይቶ በቀለ። ስሜ ገነነ። ስሙ የገነነ ሰው ደግሞ ለማንበብ ይሰንፋል።

ባለቤታቸው ጋሽ ዘርጋ ኮልፌ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣሉ፤ ለክትፎ ያላቸውን ፍቅር ሠፈሩ ያውቀዋል። የኮሌስትሮል ኪኒን ታዝዞላቸው ወረቀቱን ይዘው ሲመጡ ፈተና እያረምኩ ነበር። ቀና እንኳ ሳልል፣ የበሉትን ስብ ከደም ጠራርጎ የሚያወጣ ነው፣ እንደ ሳሙና ያስቡት አልኳቸው። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አመስግነው ሄዱ።

ጋሽ ዘርጋ የሰሙትን ተግባር ላይ የሚያውሉ ሰው ናቸው። ሁዳዴ ሲገባ ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ፤ ሳሙናው ምኑን ያጥባል? ኪኒኑም አብሯቸው ጾመ። ሃምሳ አምስት ቀን። በመጨረሻው ቀን፣ ገና ክትፎ ሳይቀምሱ ሲመረመሩ ኮሌስትሮሉ ጣራ ነክቷል።

ታዲያ ማንን ጠረጠሩ? ሚስታቸውን። ሽሮው በፍስክ ድስት ተሠርቷል፣ ቅቤ ጠብ ተደርጎበታል፣ ሳላውቅ ጾሜን አስገድፋኛለች አሉ። እትዬ ብርነሽ በመድኃኔ ዓለም ማሉ። "እኔ ምን አልኩ? ደሜ ነው የሚናገረው" አሉ ጋሽ ዘርጋ፣ ምርመራውን እያሳዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታቸውን ምግብ ትተው ሆቴል መብላት ያዙ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ የተማረች ናት ተብሎ እኔም ተጠራሁ። እትዬ ብርነሽ ሠላሳ ዓመት ያበሰለ እጃቸው ከረከሰ፣ ነገ ልብሳቸውን ይዘው አስኮ እህታቸው ዘንድ እንደሚሄዱ ተናገሩ። ጋሽ ዘርጋም በበኩላቸው፣ "ኪኒኑን እንደሆነ ቲቸር እንዳለችኝ ነው የወሰድኩት፤ ጾም ላይ ስብ ስለሌለ አልነካሁትም" ብለው ወደ እኔ አመለከቱ። ሽማግሌዎቹ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ጆሮዬ ጋለ። ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብናገር ነገሩ ያልቅ ነበር። እኔም መልሼ ራሴን ነቀነቅኩላቸው።

ቤት ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩ፤ ወረቀቱን ዘርግቼ፣ ያልገባኝን ከመጽሐፍ ፈለግኩ። ለካ ኮሌስትሮል በአፍ ብቻ አይገባም፤ አብዛኛውን የሚሠራው የራሳችን ጉበት ነው፤ ጉበት ደግሞ ጾም አያውቅም። ኪኒኑ የጉበቱን ምርት ይቀንሳል፤ ጉበትም ሲያጥረው ከደም ውስጥ ያለውን መልሶ ይለቅማል። ስለዚህ በየቀኑ ነው የሚዋጠው፤ በክትፎም በሽሮም።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ሳልቀምስ ሄድኩ። የእትዬ ብርነሽ ሻንጣ በሩ ላይ ቆሟል። የጉበቱን ሥራ፣ ኪኒኑ በየቀኑ መዋጥ እንዳለበት፣ ለሐኪሙም መንገር እንደሚገባቸው፣ የድስቱን ንጽሕና፣ ሁሉንም አስረዳሁ።

"ያኔ ሳሙና ነው አላልሽኝም?" አሉ ጋሽ ዘርጋ።

እውነቱን እዚያ በር ድረስ ተሸክሜው መጥቼ ነበር።

"ያኔ ሳይንቲስቶቹ እንደዚያ ነበር የሚሉት ጋሼ። አሁን ስህተት መሆኑ ታወቀ።"

ጋሽ ዘርጋ፣ ሳያጣሩ እያወሩ የሰው ትዳር ሊያፈርሱ ነበር እያሉ ሳይንቲስቶቹን ረገሙና ሻንጣውን አንስተው ወደ ውስጥ መለሱት። እትዬ ብርነሽ ግን ካሉበት አልተነቃነቁም። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

"ታዲያ ሳይንቲስቶቹ ይቅርታ አይጠይቁኝም?"

ጎንበስ ብዬ በሳይንቲስቶቹ ስም ጉልበታቸውን ሳምኩ። ክንዴን ይዘው አነሱኝና በጆሮዬ፣ "ይቅር ብያቸዋለሁ በያቸው፤ ሌላ ጊዜ ግን ወረቀቱን ያንብቡት" አሉኝ።